ኧርቪንግ ጎፍማን፦ የሰውን ፊት ያጠና ምሁር



ለዛሬ በዚህ አምዳችን የአንድ ምሁር የሕይወት ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ሰውየው ጦር አልመራም፣ መድኃኒት አልቀመመም፣ መኪና አልፈለሰፈም። ዕድሜውን የጨረሰው ሁላችንም በየቀኑ የምናደርገውን፣ ግን ልብ የማንለውን ነገር ሲመለከት ነው፤ ሰው ከሰው ፊት ሲቀርብ እንዴት እንደሚቆም፣ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ፣ በምን እንደሚያፍር፣ ሌላውንስ ከእፍረት እንዴት እንደሚያድን። ስሙ ኧርቪንግ ጎፍማን ይባላል።

ይህን ሰው የመረጥንበት ምክንያት አለን። ብዙዎቻችን ለማስተማር ልምምድ የምንወጣበት ጊዜ ደርሷል። ሰሞኑን ማታ ማታ በየመኝታ ክፍሉ የሚነሳው ወሬም ይኸው ነው። ክፍል ገብተን ስንቆም ድምፃችን ቢንቀጠቀጥስ? የማናውቀውን ቢጠይቁንስ? ተማሪ ቢስቅብንስ? ምን እንልበስ? እንኮሳተር ወይስ ፈገግ እንበል? ጥያቄው ተራ ይመስላል። ጎፍማን ግን አንድ ትልቅ የሶሲዮሎጂ ትምህርት የመሠረተው በእንዲህ ዓይነቱ ተራ ነገር ላይ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነቱና ትምህርቱ

ጎፍማን የተወለደው ጁን 11 ቀን 1922 በካናዳ፣ አልበርታ ውስጥ፣ ማንቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ወላጆቹ ከዩክሬን ተሰደው ካናዳ የገቡ አይሁድ ነበሩ። ቤተሰቡ ቆይቶ በማኒቶባ ወደምትገኘው ዶፊን ከተማ ተዛወረና አባቱ እዚያ በልብስ ሥራ ይተዳደር ጀመር።

በ1939 ማኒቶባ ዩኒቨርስቲ ሲገባ የመረጠው ትምህርት ኬሚስትሪ ነበር። ይህን አቋርጦ ወደ ኦታዋ ሄደና በካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ሠራ። እዚያ ሳለ፣ በኋላ የታወቀ የሶሲዮሎጂ ምሁር ከሆነው ከዴኒስ ሮንግ ጋር ተዋወቀ። ሮንግም ወደ ቶሮንቶ ሄዶ ትምህርቱን እንዲቀጥል ገፋፋው። በቶሮንቶ ካስተማሩት መካከል አንዱ የሰውነት እንቅስቃሴን እንደ ቋንቋ ያጠናው አንትሮፖሎጂስት ሬይ በርድዊስል ነው። ጎፍማን የመጀመሪያ ዲግሪውን በ1945 ተቀብሎ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ቺካጎ ዩኒቨርስቲ ተሻገረ። የቺካጎ ሶሲዮሎጂ ተማሪውን ከቤተ መጻሕፍት አውጥቶ መንገድ ላይ፣ ገበያ ውስጥና ፋብሪካ በር ላይ በማቆም የታወቀ ነበር። ኑሮውን ሄደህ በዓይንህ እይ የሚል ትምህርት ቤት ነበር ማለት ይቻላል። ጎፍማንም ሄደ።

በደሴቲቱ ላይ

ለዶክትሬት ጥናቱ የሄደው ማንም ወደማይጠብቀው ቦታ ነው። ከስኮትላንድ በስተሰሜን ሼትላንድ የሚባሉ፣ ነፋስ የማይለያቸው ደሴቶች አሉ። ከእነርሱም አንስት የምትባለዋ ሰው ከሚኖርባቸው የብሪታንያ ደሴቶች ሁሉ በሰሜን ጫፍ የምትገኝ ነች። ጎፍማን በዲሴምበር 1949 እዚያ ደረሰ፤ እስከ ሜይ 1951 ባለው ጊዜ ውስጥም አንድ ዓመት ያህል ኖረባት። ለነዋሪዎቹ የነገራቸው የደሴቲቱን የእርሻ ኑሮ ለማወቅ የመጣ ተማሪ መሆኑን ነበር። ዋናው ፍላጎቱ ግን ሰዎቹ ሲገናኙና ሲነጋገሩ ማየት ነው። እንግዲህ ሰው ራሱን እንዴት እንደሚያቀርብ ያጠናው ምሁር፣ መጀመሪያ የራሱን አቀራረብ ማሰናዳት ነበረበት።

በደሴቲቱ አንዲት ትንሽ ሆቴል ነበረች። ጎፍማን ወጥ ቤቷ ውስጥ ከሠራተኞቹ ጋር ይበላ፣ ሳህን በማጠብም ይረዳ ነበር። ያየው ነገር እንዲህ ነው። በመመገቢያው ክፍል ሁሉም ነገር ሥርዓት ያለው ነው፤ አስተናጋጆቹ ጭምት ናቸው፣ ገበታው ንጹሕ ነው። ከበሩ ወዲያ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ግን እንደ ደሴቲቱ ገበሬ ኑሮ ነው፤ ሁሉም እንደ ልቡ ይጫወታል፣ እርጥብ ካልሲ በሚፈላው ማንቆርቆሪያ ላይ ይደርቃል። እንግዳ የነካካውና የተልመሰመሰው ቅቤም እንደገና ተድቦልቡሎ አዲስ መስሎ ወደ ገበታ ይመለሳል። በሁለቱ ዓለም መካከል ያለው አንድ በር ብቻ ነው። በዚያ በር የተነሳ ጭቅጭቅ አይጠፋም ነበር። አስተናጋጆቹ ሳህን ተሸክመው ለመመላለስ እንዲመቻቸው ክፍት እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ የሆቴሉ ባለቤቶች ደግሞ ጓዳቸው እንዳይታይ ይዘጉታል።

ሌላም ልብ ያለው ነገር አለ። የደሴቲቱ ጎጆዎች ውስጣቸው ጨለም ያለ፣ ውጪው ሜዳ ነው። ስለዚህ ሻይ ለመጠጣት የሚመጣ ጎረቤት ከሩቅ ይታያል፤ እሱ ግን የሚያየውን ሰው አያይም። ቤት ውስጥ ያሉትም ይህን እንደ ጨዋታ ይመለከቱት ነበር። እንግዳው በመንገድ ላይ የያዘው ፊት ሌላ ነው፤ ደጃፍ ሲደርስ ያንን ይጥልና ፈገግታ ያደርጋል። ነገሩ የገባቸው አንዳንዶቹ ደግሞ ገና ከሩቅ ፈገግ ብለው ይመጡ ነበር!

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ አስመሳይ ነው ብሎ መደምደም ይቀልላል። ጎፍማን ግን ከዚያ አለፈ። ያ እንግዳ የድካሙን ወይም የንዴቱን ፊት ይዞ ቢገባ ቤተኞቹ ምን ሊሆኑ ነው? ፈገግታው ለእነርሱ የቀረበ አክብሮት ነው። እነርሱም ከውስጥ ሆነው ያዩትን አይነግሩትም፤ እንኳን ደህና መጣህ ብለው ይቀበሉታል። እሱ አንድ ነገር ያቀርባል፣ እነርሱም ያቀረበውን ይደግፉለታል። የጎፍማን ትምህርት ሥሩ ይህ ነው።

መድረክና ጓዳ

ጎፍማን ዶክትሬቱን በ1953 አገኘ። በ1956 በኤዲንብራ ዩኒቨርስቲ ታትሞ፣ በ1959 ደግሞ ሰፍቶ በአሜሪካ የወጣው መጽሐፉ የሰው ልጅ በዕለት ተዕለት ኑሮው ራሱን ስለሚያቀርብበት ሁኔታ የሚተነትን ነው። ስሙን በዓለም ያስጠራውም ይኸው መጽሐፍ ነው። በውስጡ ማኅበራዊ ኑሮን ከቴአትር ጋር ያነጻጽራል። ሰው በሌሎች ፊት ሲሆን መድረክ ላይ ነው። አለባበሱ፣ አነጋገሩ፣ የያዘው ዕቃና የቆመበት ቦታ ሁሉ ስለ ማንነቱ ይናገራሉ። ከመድረኩ ጀርባ ደግሞ ጓዳ አለ፤ እዚያ ሰው ያርፋል፣ ይዘጋጃል፣ ያማል፣ ይስቃል። ብዙውን ጊዜ ትርዒቱ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። የሐኪም ቤት ሠራተኞች፣ የሱቅ ሻጮች፣ ባልና ሚስት፣ የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን እንደ ቡድን ሆነው አንዱ የሌላውን ገበና ይሸፍናል።

መምህራንን ያነሳነው ዝም ብለን አይደለም። ሃዋርድ ቤከር የተባለው የሶሲዮሎጂ ምሁር የቺካጎ መምህራንን ጠይቆ የሰበሰበውን ጎፍማን በመጽሐፉ ተጠቅሞበታል። ከዚያ እንደምንረዳው መምህሩ በመጀመሪያው ቀን የያዘው አቋም ዓመቱን ሙሉ ይከተለዋል፤ ኮስተር ብሎ የጀመረ በኋላ ሊላላ ይችላል፣ ላልቶ የጀመረ ግን በኋላ ልኮሳተር ቢል አይሆንለትም። የእኛም መምህራን ይህን ደጋግመው ነግረውናል።

ከፈረንሳዊው ፈላስፋ ከዣን ፖል ሳርትር ወስዶ ያነሳው ሌላ ምሳሌ ደግሞ ተማሪውን ይመለከታል። ትኩር ብሎ የሚያዳምጥ ለመምሰል የሚጥር ተማሪ ዓይኑን መምህሩ ላይ ተክሎ፣ ጆሮውን ቀስሮ፣ ድካሙን ሁሉ በመምሰሉ ላይ ያፈሰዋል። መጨረሻ ላይ አንዳች ነገር ሳይሰማ ይቀራል። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ ከመካከላችን ይህ ያልደረሰበት ማነው? መምህራችን ሲሆኑ ጸጥ ያለውን ክፍል አይተው ገባቸው ብለው ይሄዳሉ። ነገ እኛም መምህራን ስንሆን በዚያው ጸጥታ መታለላችን አይቀርም። ተማሪው ዝም ያለው ስለ ገባው ነው ወይስ የገባው መስሎ መቅረብ ስላለበት? መጠየቅ ያለብን ይህን ነው።

ጎፍማን ስለ ፊትም ጽፏል። በአማርኛችን ፊት ሰጠው፣ ፊት ነሳው፣ በሰው ፊት አዋረደው እንላለን። እሱም በ1955 ባወጣው ጽሑፍ ፊት የሚለው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሰው በሌሎች ዘንድ ይዞት የሚቀርበው ክብር ማለት ነው። ይህ ክብር የራሱ የሰውየው ይመስላል እንጂ በሌሎች እጅ ያለ ብድር ነው። ሌሎች ካልደገፉት ይወድቃል። ስለዚህም ሰዎች ሲገናኙ የራሳቸውን ፊት ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ይጠብቃሉ። አንዱ ቢሳሳት ሌላው እንዳላየ ያልፋል፤ ቃል ቢጠፋው ይጠቁመዋል፤ ቢያፍር ጨዋታ ይለውጥለታል። እኛ ይሉኝታ የምንለው ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም። የማኅበራዊ ሥርዓት አንዱ ምሰሶ ፖሊስና ሕግ ቢሆን፣ ሌላው ይህ ማንም የማያዘው የእርስ በርስ ጥንቃቄ ነው።

በሆስፒታሉ ውስጥ

ይህ ጥንቃቄ በማይኖርበት ቦታ ሰው ምን ይሆናል? ጎፍማን መልሱን ያገኘው በዋሽንግተን ከተማ፣ ሴንት ኤልዛቤትስ በተባለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነው። በ1955 እና በ1956 አንድ ዓመት ያህል እዚያ ቆየ። በዚያን ጊዜ ሆስፒታሉ ከ7,000 በላይ ሕሙማን ነበሩት። ዋናዎቹ ኃላፊዎች ዓላማውን ያውቁ ነበር፤ በሥራ መደቡ ግን የስፖርት ኃላፊው ረዳት ሆኖ ቀኑን ከሕሙማኑ ጋር ያሳልፋል። ከሠራተኞቹ ጋር መቀራረብንና ቁልፍ መያዝን ሸሸ። ምክንያቱም ቁልፍ የያዘ ሰው ወዲያው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይታወቃል።

ያየውን በ1961 አሳይለምስ በተባለው መጽሐፉ አሳተመ። አዲስ የገባ ሕመምተኛ ልብሱንና ዕቃውን ይነጠቃል፣ ገላው ይታጠባል፣ ጸጉሩ ይቆረጣል፣ ተመዝግቦ ለሁሉም አንድ የሆነ ልብስ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ለመላጨትም፣ ስልክ ለመደወልም፣ ለትንሹ ነገር ሁሉ ፈቃድ መለመን አለበት። የሚቆልፈው ሣጥን ስለሌለው ያለውን ጥቂት ዕቃ በኪሱ ተሸክሞ ይዞራል። ስለ በደሉ ቢጮህ ጩኸቱ የበሽታው ምልክት ተብሎ በመዝገቡ ላይ ይጻፍበታል። መድረክ የለውም፣ ጓዳም የለውም። ጎፍማን እንዲህ ያሉትን፣ ሰው ተዘግቶ ሌሊቱንም ቀኑንም በአንድ ሥርዓት የሚያድርባቸውን ቦታዎች በአንድ ስም ጠቅልሎ አጠናቸው። ከእነርሱም ውስጥ እስር ቤት፣ የጦር ሠፈር፣ ገዳምና አዳሪ ትምህርት ቤት ይገኛሉ። እኛም የአዳሪ ኑሮ ስለምናውቅ፣ አንዲት የምትቆለፍ ቁም ሣጥን ለሰው ልጅ ምን ማለት እንደሆነች አይጠፋንም።

መጽሐፉ በሐኪሞችና በሕግ አውጪዎች ዘንድ ብዙ ክርክር አስነሳ። የትልልቅ የአእምሮ ሆስፒታሎችን አያያዝ ከነቀፉትና ለለውጥ መንገድ ከጠረጉት ሥራዎች አንዱ ሆነ። ጎፍማን ራሱም በ1970 ሰውን ያለፈቃዱ በአእምሮ ሆስፒታል መዝጋት እንዲቀር የሚታገል ማኅበር ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ነበር።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም። በ1952 ያገባት የገዛ ባለቤቱ በአእምሮ ሕመም ትሠቃይ ነበር። በ1964 ሕይወቷን በገዛ እጇ አጠፋች። አንድ ልጅ ነበራቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1969፣ ጎፍማን አንድ ረጅም ጽሑፍ አወጣ። በውስጡ የሚናገረው ስለ ሆስፒታል ሳይሆን ስለ ቤት ነው፤ አንድ ሰው በሕመም ምክንያት የለመደውን ቦታውን ሲለቅቅ በቤተሰቡ ላይ ምን እንደሚወርድ፣ ቤተሰቡ እሱን እየወደደ እንዴት እንደሚከታተለው፣ እንደሚደብቅበትና እንደሚፈራው። የራሱን ነገር አንድም ቃል አላነሳም። አንባቢዎቹ ግን ጽሑፉን ከደረሰበት ኀዘን ጋር ያያይዙታል። በሆስፒታሉ ውስጥ ሳለ በሕመምተኛው ዓይን ያየ ሰው፣ አሁን ደግሞ ከሕመምተኛው ጎን የቆመውን ሰው ጭንቀት አስተማረን።

ጠባዩና የተሰነዘረበት ነቀፌታ

ጎፍማን ከ1958 ጀምሮ በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ ዩኒቨርስቲ አስተማረ፤ በ1962 ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1968 ወደ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርስቲ ተዛወረ። በ1963 ስቲግማ የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። እዚያም አካለ ስንኩላን፣ ከእስር የወጡ፣ በዘራቸው ወይም በሃይማኖታቸው የተናቁ ሰዎች የተበላሸባቸውን ስም ተሸክመው ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚኖሩ ጽፏል። ቁማር ቤት ውስጥ ሰው ሲወራረድ እንዴት ራሱን እንደሚይዝ ለማየትም ላስ ቬጋስ ድረስ ሄዶ ካርታ አዳይነት ተምሯል።

ፎቶግራፍ መነሳትና ድምፁ መቀረጽ አይወድም ነበር። ያወቁት ብዙ ሰዎች ምላሱ ስለታም እንደነበረ፣ አንዳንዴም ሰውን በሰው ፊት እንደሚያስቀይም ይመሰክራሉ። የሰው ፊት በምን እንደሚጠበቅ ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው፣ የሌላውን ፊት ሲያጠቁር ይገኝ ነበር። ይህን የምንጽፈው ሟቹን ለማሳጣት አይደለም። ማወቅና ማድረግ የተለያዩ መሆናቸውን ለእኛ ለመምህራን ስለሚያስታውስ ነው።

ነቀፌታም ደርሶበታል። አልቪን ጎልድነር የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የጎፍማን ዓለም ታይታ እንጂ ሥራና ምርት የሌለበት፣ ሥልጣንና ሀብት በማን እጅ እንዳለ የማይጠይቅ ነው ሲል ተችቶታል። እውነትም ሁሉም ሰው መድረክ ላይ የሚወጣው እኩል ሆኖ አይደለም፤ አንዱ ልብስ የሚያማርጥበት ቦታ ሌላው የሚቀይረው የለውም። በሌላ በኩል ሆስፒታሉን ያጠናበት መጽሐፍ ስለ ሥልጣን አልተናገረም ማለትም ያስቸግራል። የቴአትሩን ምሳሌ በተመለከተ ጎፍማን ራሱ በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ገደብ አበጅቶለታል፤ ምሳሌው ሕንጻ ለመሥራት እንደሚቆም መወጣጫ እንጨት ስለሆነ ሥራው ሲያልቅ መፍረስ አለበት ይላል። ኑሮ ቴአትር አይደለም፤ በኑሮ የሚቆስል ሰው በእርግጥ ይቆስላል።

የመጨረሻው ንግግር

በ1976 ጎፍማን በሚቺጋን ዩኒቨርስቲ አንድ ሌክቸር ሰጠ። ርዕሱም ራሱ ሌክቸር ነበር! ጥያቄው ለእኛ ቅርብ ነው፤ የሚነገረው ነገር ታትሞ ሊነበብ የሚችል ከሆነ ሰው ለምን መጥቶ ይሰማል? በእሱ አስተያየት አድማጭ የሚመጣው ለጽሑፉ ብቻ አይደለም። ተናጋሪው ከወረቀቱ ቀና ሲል፣ ሲሳሳትና ሲታረም፣ በራሱ ሲቀልድ፣ ዕውቀቱ የሰው መልክ ይዞ ይታያል። መምህር ማስታወሻ አስገልብጦ የሚወጣ ከሆነ፣ እሱ ባይመጣም ደብተሩ በቂ ነበር ማለት ነው።

በ1981 የአሜሪካ የሶሲዮሎጂ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። በዚያው ዓመት እንደገና አግብቶ በሚቀጥለው ዓመት ሴት ልጅ ወለደ። በ1982 ለማኅበሩ ጉባኤ ትልቁን የፕሬዚዳንትነት ንግግር አዘጋጀ፤ ነገር ግን የሆድ ዕቃ ካንሰር አስተኝቶት ስለ ነበር ሊያቀርበው አልቻለም። በኖቬምበር 1982፣ በ60 ዓመቱ፣ በፊላዴልፊያ ከተማ ሞተ። ንግግሩ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1983 ነው። በውስጡም ሰዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ የሚፈጠረው ሥርዓት ራሱን ችሎ ሊጠና ይገባዋል ሲል ይከራከራል። ካነሳቸው ምሳሌዎች አንዱ ሰልፍ ነው። ሰዎች ተሰልፈው ተራ ሲጠብቁ፣ ለዚያች ጥቂት ጊዜ ሀብታሙና ድሃው፣ አለቃውና ምንዝሩ የሚታዩት በመምጣታቸው ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ሰልፉን አቋርጦ ፊት የገባ ሰው የሚያበሳጨንም ስለዚሁ ነው፤ የወሰደብን አምስት ደቂቃ ብቻ ሳይሆን ያችን ትንሽ እኩልነት ነው።

ለእኛ የተረፈን

ወደ ተነሳንበት እንመለስ። ማታ ማታ ስለ ልምምዱ ስንጨነቅ የምናስበው ስለ ራሳችን ፊት ነው፤ እንዳንዋረድ፣ እንዳይሳቅብን። ከጎፍማን ሕይወት ያገኘነው ትልቁ ትምህርት ግን ክፍል ውስጥ ያለው ፊት የእኛ ብቻ አለመሆኑን ነው። ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ጠመኔ ይዞ የቆመና መልሱ የጠፋው ልጅ ከሁሉም በላይ መድረክ ላይ ነው። የሚሸሽበት ጓዳ የለውም። ጓደኞቹ መሳቅ ጀምረዋል። በዚያች ቅጽበት መምህሩ አብሮ ቢስቅ፣ ወይም አንተ ደንቆሮ ብሎ ቢያስቀምጠው፣ ልጁ ሒሳቡን ብቻ አይደለም የሚጠላው፤ ሁለተኛ እጁን አያወጣም። መምህሩ ግን እስከዚህ ትክክል ነህ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን አብረን እንየው ብሎ ቢደግፈው፣ ስሕተቱ ሳይደበቅ ልጁ ክብሩን ይዞ ወደ መቀመጫው ይመለሳል። የቀሩት ልጆችም እነርሱ ሲሳሳቱ ምን እንደሚደርስባቸው ከዚያ ይማራሉ።

ስለዚህ ልምምድ ለምንወጣ ጓደኞቻችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በየዕለቱ የትምህርት ዕቅዳችን ጀርባ ላይ፣ ዛሬ በሰው ፊት ያፈረ ተማሪ ነበረ ወይ፣ እኔስ ምን አደረግሁ የሚል ጥያቄ ጽፈን ማታ እንመልሰው። ስንመለስ ያየነውን በዚሁ ሰሌዳ ላይ እናወጣለን። መምህራኖቻችንም የልምምድ ክፍላችንን ሲጎበኙ ይህንኑ አብረው ቢመለከቱልን፣ ስንሳሳት ደግሞ እርማቱን ከልጆቹ ፊት ሳይሆን ክፍሉ ካለቀ በኋላ ቢነግሩን በአክብሮት እንጠይቃለን።

የዝግጅት ክፍሉ